ግሡ እስኪመጣ መታገሥ
ስለ ጀርመንኛ ቋንቋና ባህል ትምህርት በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር



በዚህ የምሥረታ በዓል ቀን ትምህርታቸውን ከሚፈጽሙት ተማሪዎች አንዱ ሆኜ በፊታችሁ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ታላቅ ነው። ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ሕክምና፣ ስለ ምሕንድስናና ስለ እርሻ አስረድተዋችኋል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ከእነዚህ ያነሰ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም የጀርመንኛን ቋንቋና ባህል በዩኒቨርሲቲ ስለ መማር ነው፤ ይልቁንም የላይኛው መካከለኛ ደረጃ ስለሚባለው ትምህርት ነው።

ስለ ጀማሪው ትምህርት የሚናገር ሰው አይጠፋም። ሰላምታ መስጠት፣ ስምንና አገርን መናገር፣ ዳቦ መግዛት፣ መንገድ መጠየቅ በጥቂት ወራት ይለመዳል፤ ደስም ያሰኛል። ስለ ታላላቅ ሊቃውንትም ዝና የሚናገር አይታጣም። በሁለቱ መካከል ስላለው ረጅም መንገድ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ብዙ ተማሪ ደክሞት የሚቀረው በዚሁ መንገድ ላይ ስለ ሆነ፣ ስለ እርሱ ጥቂት ማለት ይገባል ብዬ አሰብሁ።

በመጀመሪያ ደረጃው ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ባወጣው መመሪያ የቋንቋ ችሎታ በስድስት ደረጃ ይከፈላል። ሁለቱ የጀማሪ፣ ሁለቱ የመካከለኛ፣ ሁለቱ የከፍተኛ ተማሪ ናቸው። እኔ የምናገርለት አራተኛው ሲሆን በአጭር ስሙ ቢ2 ይባላል። ጎተ ኢንስቲትዩት እንደሚገምተው ወደዚህ ለመድረስ ከ600 እስከ 800 የሚደርስ ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል፤ የአንዱም ክፍለ ጊዜ ርዝመት 45 ደቂቃ ነው። አንድ ተማሪ በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ፣ በዓመትም 36 ሳምንት ቢማር፣ በአራት ዓመት 720 ክፍለ ጊዜ ይሆንለታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ከዚህ ደረጃ የደረሰ ተማሪ የጋዜጣን ሐተታ አንብቦ ጸሐፊው የቱን እንደሚደግፍና የቱን እንደሚነቅፍ ለይቶ ማወቅ አለበት። ለማያውቀው ሹም በወግ የተጻፈ ደብዳቤ መጻፍ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ሐሳቡን ከነምክንያቱ መግለጥ ይጠበቅበታል። በፈተናው ላይ አራት ደቂቃ ያህል ንግግር ያደርጋል፤ ከዚያም ከሌላ ሰው ጋር ይከራከራል። እንግዲህ ይህ ቋንቋን ለገበያ ሳይሆን ለሸንጎ መማር ነው። ይህም ሆኖ በጀርመን አገር በጀርመንኛ ለሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በአብዛኛው ከዚህ ከፍ ያለ ማስረጃ ይጠየቃል። ስለዚህ ቢ2 የመንገዱ ፍጻሜ ሳይሆን፣ ተማሪው በእውነት ለመቀጠል መፈለጉና አለመፈለጉ የሚታወቅበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው ልግባ። ጀርመንኛ አስቸጋሪ ነው ይባላል፤ እውነትም አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን አማርኛ ለሚናገር ሰው አስቀድሞ የተከፈተ አንድ በር አለው። ጀርመኖች ‘ምክንያቱም’ ወይም ‘ስለ’ የሚል ትርጉም ባለው ቃል ዐረፍተ ነገር ሲያያይዙ ግሡን ወደ መጨረሻ ይወስዱታል። ‘ቫይል ኢኽ ሞርገን ናኽ በርሊን ፋረ’ ይላሉ። ‘ቫይል’ የተባለችውን ማያያዣ ትተን ቃሎቹን በተራ ብናስቀምጣቸው ‘እኔ ነገ ወደ በርሊን እሄዳለሁ’ ይሆናል። ይህ የአያቶቻችን አነጋገር ነው! እኛ ግን ከአማርኛ ቀጥሎ እንግሊዝኛ ስለ ተማርን፣ የባዕድ ቋንቋ ሁሉ ግሡን ከፊት የሚያስቀድም ይመስለናል፤ ስለዚህም የእናታችን ቋንቋ በሰጠን ነገር እንኳ እንሰናከላለን። እንግሊዛዊ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚለፋበትን ሥርዐት እኛ ከቤታችን ይዘነው መምጣታችንን ብናስተውል ግማሹ ድካም ይቀልልናል።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። አንዳንዱ ግሥ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ከፊት፣ ግማሹ ከዐረፍተ ነገሩ ጫፍ ይቀመጣል። ‘ኢኽ ሄረ’ ማለት ‘እሰማለሁ’ ማለት ነው። ሆኖም ተናጋሪው ብዙ ቃል ከተናገረ በኋላ በመጨረሻ ‘አውፍ’ የምትል አንዲት ትንሽ ቃል ቢጨምር፣ ነገሩ ሁሉ ተለውጦ ‘አቆማለሁ’ ይሆናል። ቸኩሎ የፈረደ ሰው ‘ይሰማኛል’ ብሎ ሲደሰት፣ ተናጋሪው ግን ሥራውን እንደሚተው መናገሩ ነው። ስለዚህ ጀርመንኛ የሚማር ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ትሕትና ይህ ነው፤ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ መስማት።

ስሞቹም ጾታ አላቸው፤ እርሱም ሦስት ነው። ማንኪያ ወንድ፣ ሹካ ሴት ናት፤ ቢላዋ ደግሞ ወንድም ሴትም አይደለም። እኛ ፀሐይም ጨረቃም ወጣች እንላለን፤ ለእነርሱ ግን ፀሐይ ሴት ስትሆን ጨረቃ ወንድ ነው። ለዚህ ምክንያት መፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ እያንዳንዱን ስም ከነጾታ አመልካች ቃሉ በቃል ማጥናት ይሻላል። ቃላትን አንድ ላይ የመስፋት ልማዳቸው ግን ደስ ያሰኛል። የእጅ ሹራብን ‘የእጅ ጫማ’፣ በስፌት ጊዜ ጣት ላይ የሚደረገውን የብረት ቆብ ‘የጣት ባርኔጣ’፣ ኤሊን ‘ባለ ጋሻ ጉርጥ’ ይሏቸዋል። እኛ ሐኪም ቤት የምንለውንም እነርሱ ‘የሕሙማን ቤት’ ብለውታል፤ እኛ በሚያክመው፣ እነርሱ በሚታከመው መሰየማችን ነው።

ይልቁንም ያስደነቀኝ የአክብሮት አነጋገር ነው። በእንግሊዝኛ ለንጉሥም ለሕፃንም የሚነገረው ቃል አንድ ነው። በጀርመንኛ ግን እንደ እኛ ‘አንተ’ እና ‘አንቱ’ ተለይተዋል። የሚገርመው ደግሞ አንድ ሰው የሚከበርበት መንገድ ራሱ ተመሳሳይ መሆኑ ነው። እኛ ‘እርሳቸው መጡ’ ስንል ግሡ ‘እነርሱ መጡ’ ከምንለው አይለይም፤ አንዱን ሰው እንደ ብዙ ሰው በመቍጠር እናከብረዋለን። ጀርመኖችም የሚያከብሩትን ሰው ‘ዚ’ ይሉታል፤ ይኸው ቃል ‘እነርሱ’ ማለት ነው፤ በጽሑፍ የሚለየው የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ሆኖ በመጻፉ ብቻ ነው። ከ‘አንቱ’ ወደ ‘አንተ’ ለመሻገርም ወግ አለ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው እንደ ልማዱ ታላቁ እንጂ ታናሹ አይደለም። ይህን ለማያውቅ ሰው ሰዋስው ሁሉ ቢሞላለት ምን ይጠቅመዋል? ቋንቋና ባህል ተለያይተው አይማሩም የሚባለው ስለዚህ ነው።

በዚህ ደረጃ ከሚያስተምሩት ነገር አንድ ልጨምር። ጋዜጠኛ የሌላውን ሰው ቃል ሲያወራ የግሡን መልክ ጥቂት ይለውጠዋል። ሹሙ ‘ገንዘቡ በሣጥን ውስጥ ነው’ ቢሉ፣ ጋዜጠኛው ‘ኢስት’ (ነው) በማለት ፈንታ ‘ዛይ’ ብሎ ይጽፋል። በዚህች በአንዲት ቃል ‘ይህን ያሉት እርሳቸው ናቸው፤ እኔ ምስክር አልሆንም’ ማለቱ ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ የሚያነብ ሰው ወሬውን ከእውነቱ፣ የተባለውንም ከሆነው ነገር ጋር ይደባልቀዋል። እንግዲህ ሰዋስው ለፈተና ብቻ የሚጠና ደረቅ ነገር ነው የምንል ሁሉ፣ አንዲት ትንሽ ግሥ የሰውን ስምና እውነትን ልትጠብቅ እንደምትችል እናስተውል።

አሁን ወደ ባህሉ ልሻገር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሁላችን የሉተርን ስም ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቃለን፤ ለቋንቋው ያደረገውን ግን ብዙዎቻችን አላሰብንበትም። ሉተር አዲስ ኪዳንን ተርጕሞ በ1522፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ከባልደረቦቹ ጋር በ1534 አሳተመ። በየአውራጃው ልዩ ልዩ አነጋገር ለነበረው ሕዝብ አንድ የጽሕፈት ቋንቋ እንዲስፋፋ ይህ ሥራ እጅግ ረድቷል። እርሱም ተርጓሚ ቋንቋን ከቤት እመቤት፣ ከመንገድ ልጆችና ከገበያ ሰው ሊማር ይገባዋል የሚል ሐሳብ ነበረው። በዚሁ በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እስከ ዊተንበርግ ሄዶ ከሉተር ጋር ተነጋግሯል። ያን ጊዜ እንኳ መንገዱ ያልተዘጋ ከሆነ፣ ዛሬ ሩቅ ነው ብለን የምንፈራው ለምንድር ነው?

ስለ ትዕግሥት ደግሞ የግሪም ወንድማማቾች ምሳሌ ይሁኑን። ዓለም የሚያውቃቸው በተረት ነው፤ እነርሱ ግን በ1838 የጀርመንኛን ቃላት ሁሉ የሚሰበስብ መዝገበ ቃላት ጀመሩ። ቪልሄልም በ1859 ሞተ። ያዕቆብም በ1863 ሲሞት የደረሰው ‘ፍሩኽት’ ከምትለው ቃል ዘንድ ነበር፤ ትርጕሟም ‘ፍሬ’ ነው። ሥራውን ሌሎች ተቀበሉት፤ ሁለት የዓለም ጦርነቶች አለፉበት፤ አገሪቱም ለሁለት ተከፈለች፤ ነገር ግን በምሥራቅም በምዕራብም ያሉ ሊቃውንት ቀጥለው በ1961 ፈጸሙት። ይህም ከተጀመረ 123 ዓመት መሆኑ ነው። የዘራው ሰው ፍሬውን አላየም፤ ፍሬው ግን አልቀረም።

ክቡራን አድማጮቼ፤ እስካሁን የተናገርሁት መልካሙን ነው። እዚህ ላይ ብቆም ግን ዐረፍተ ነገሩን ከመካከሉ መቍረጥ ይሆንብኛል። ቫይማር የምትባለው ትንሽ ከተማ ታላቁ ባለ ቅኔ ጎተ የኖረባትና በ1832 የሞተባት ናት። ከዚህችው ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ኮረብታ ላይ ናዚዎች በ1937 ቡኸንቫልድ የተባለውን የእስረኞች ማጎሪያ ሠሩ። በናዚዎች ዘመን ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ተገደሉ። ከዚያም በፊት፣ በግንቦት ወር 1933፣ በበርሊን አደባባይና በሌሎችም የዩኒቨርሲቲ ከተሞች መጻሕፍት ተከምረው ተቃጠሉ። ለዚህ ሥራ ግንባር ቀደም የነበሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። እኛ በ720 ክፍለ ጊዜ የምንለፋበትን ቋንቋ እነርሱ ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተውት ነበር፤ የጎተንም ግጥም በቃላቸው የሚያውቁ አይጠፉባቸውም ነበር። ይህን ሳነብ ትምህርት ብቻውን ሰውን ደግ አያደርገውም ብዬ አሰብሁ። ቋንቋ መሣሪያ ነው፤ መጽሐፍ ለመጻፍም፣ መጽሐፍ ለማቃጠል ሰውን ለመቀስቀስም ያገለግላል።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ጀርመኖች ኅዳር 9 የሚሉት ቀን ታሪካቸውን ሁሉ ይዞ ይገኛል። በ1918 በዚያ ቀን ሪፐብሊክ ታወጀ። በ1923 ሂትለር በሙኒክ ያደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በዚያ ቀን ከሸፈ። በ1938 በዚያ ሌሊት የአይሁድ ምኵራቦች ተቃጠሉ፣ ሱቆቻቸው ተሰባበሩ። በ1989 ደግሞ ከ28 ዓመት በፊት የተሠራው የበርሊን ግንብ በዚያው ቀን ተከፈተ፤ የተለያዩ ቤተ ሰቦችም ተገናኙ። ደስታውና ኀዘኑ በአንድ ቀን ላይ ስለ ወደቀ፣ ብሔራዊ በዓላቸውን ያደረጉት ሁለቱ ክፍሎች በ1990 በተዋሐዱበት በጥቅምት 3 ቀን ነው። በ1949 የጻፉት ሕገ መንግሥትም የሚጀምረው ስለ ሰው ክብር በመናገር ነው። ለተገደሉት አይሁድ መታሰቢያ የሆነውን ሰፊ ቦታም በዋና ከተማቸው እምብርት ላይ ሠርተው በ2005 ከፍተውታል። አንድ ሕዝብ የራሱን ጥፋት በራሱ ቋንቋ ሲጽፍና ሲያስተምር ማንበብ፣ ለእኔ ከዚህ ትምህርት ሁሉ የሚበልጥ ዋጋ አለው። የራሳችንን ታሪክ ስንናገርስ ደስ የሚያሰኘውን ክፍል ብቻ ነውን የምንናገረው?

እንግዲህ ይህ ቋንቋ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ግንኙነቱ አዲስ አይደለም። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ በ1652 በጎታ ከተማ ወዳለው ቤተ መንግሥት ተጋብዘው ሄደው፣ ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለውን ጀርመናዊ ስለ አገራችን ቋንቋና ታሪክ አስተማሩት። እርሳቸው በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በባሕር ላይ ሰጥመው ሞቱ። ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው በ1698 ነው፤ ይኸውም መምህሩ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ማእከል በሉዶልፍ ስም ይጠራል። የአባ ጎርጎርዮስን ስም ከመካከላችን ስንቱ ያውቀዋል?

ከዚያ በኋላ በ1906 ኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን የጥናት ቡድን ወደ አክሱም መጥቶ ሐውልቶቹንና ጽሕፈቶቹን መዘገበ፤ ሥራውም በ1913 በርሊን ላይ በአራት ታላላቅ ጥራዞች ታተመ። በጣልያን ወረራ ጊዜ በ1937 ወደ ሮም የተወሰደውና በ2005 የተመለሰው ሐውልት ‘ቁጥር 2’ የሚባለው በእነዚያ ሰዎች አቈጣጠር ነው። ሐውልቱ ከመወሰዱ በፊት በምን ሁኔታ ወድቆ እንደ ነበር ያዩትን ጽፈው አቆይተውልናል። ነገር ግን የጻፉት በጀርመንኛ ነው። የአክሱም ልጅ ስለ አክሱም ለማንበብ የሰው አፍ መጠበቅ የለበትም። እነርሱ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም፤ የተሳሳቱበትም ቢሆን አንብቦ መመለስ የሚችለው ቋንቋውን የሚያውቅ ብቻ ነው ማለቴ ነው።

ከዚህም ደረጃ ያለፈ ኢትዮጵያዊ አለ። በ1948 በአዲስ አበባ የተወለዱት ዶክተር አስፋ ወሰን አሥራተ በዚያው በጀርመን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ2003 ‘ማኒረን’ የተባለውን ስለ ሥነ ሥርዐትና ስለ መልካም ጠባይ የሚናገር መጽሐፍ በጀርመንኛ ጽፈዋል። ጀርመኖችም ስለ ጨዋነት የጻፈላቸውን ኢትዮጵያዊ በብዛት አንብበውታል። ቋንቋን እስከ መጨረሻው የተማረ ሰው እንግዳ ሆኖ አይቀርም፤ በሸንጎው ይቀመጣል።

አጎቴ አሳቤን በነገርኋቸው ጊዜ ‘ልጄ፣ ይህ ቋንቋ እንጀራ ይሆናል ወይ?’ ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሁላችንም ከድካም ቤት የመጣን ነን። እውነተኛው መልስ ይህ ይመስለኛል፤ ቋንቋ ብቻውን ጤፍ አይሆንም፤ ምጣድ ግን ይሆናል። ታሪክ፣ ሕግ፣ ሕክምና ወይም ምሕንድስና ከተጨመረበት ይጋገርበታል። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚሠራ መተርጎሚያ አለ፤ ስለዚህ መማር አያስፈልግም የሚሉም አሉ። መሣሪያው ለመንገደኛ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ‘አውፍ’ የምትለዋን ትንሽ ቃል ቢዘነጋት፣ መዘንጋቱን የሚያውቅ የተማረ ሰው ብቻ ነው። ሚዛን የሌለው ሰው የገዛው እህል ጐደለ አልጐደለ ብሎ እንዴት ይከራከራል?

ለታናናሾቼ ጥቂት ምክር ትቼ ልሂድ። በየቀኑ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ነገር ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ስምን ያለ ጾታ አመልካች ቃሉ አትጻፉ። በሳምንት አንድ ጊዜ አጭር ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሱ፤ የራሳችሁ ቋንቋ የት ላይ እንደሚጐድላችሁ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ። አማርኛውን ችላ ብሎ ጀርመንኛ የሚማር ሰው ሁለት ግማሽ ቋንቋ ይዞ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመካከል አትቁሙ። ግማሽ ያወቀ ሰው መልካሙን ብቻ ሰምቶ ያመልካል፣ ወይም ክፉውን ብቻ ሰምቶ ይንቃል፤ ሁለቱም የሚሆነው ግሡ ሳይመጣ በመፍረድ ነው።

የተከበራችሁ መምህራን፤ በዚህ ቤት ፊደል ቈጥራችሁልን፣ መጽሐፍ ገልጣችሁልን እዚህ አድርሳችሁናል። እኛም የያዝነውን ዐረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው እንድናደርሰው እግዚአብሔር ይርዳን።